አማኖ ሲለቀቅ የሚጮህ፣ ሲያድር የሚወርድ፦ የሞተርሆሜ አየር ፍሬን

ባለ_ረጅሙ

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታ ፈልጌ ነው። ርዝመቷ 12 ሜትር የሆነ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በናፍጣ የምትሄድ ሞተርሆም (እንደ ቤት የሚኖርባት መኪና) አለችኝ። ፍሬኗ ሙሉ በሙሉ በአየር ነው። የኋላው ባለ ታምቡር ነው።

ማታ ሳቆማት በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሁለቱ የአየር መርፌዎች 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያሉ። ጠዋት ስነሳ የኋላ ፍሬኑ መርፌ 108 ላይ፣ የፊቱ 70 ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁሌም እዚያው አካባቢ ነው።

ስነዳ ደግሞ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር እረፍት የለውም። ፍሬን ሳልነካ እንኳን በየሦስት ደቂቃው ገደማ ሲሞላና «ፕሽ» ብሎ ሲለቅ እሰማለሁ። ቆሜ ሞተሩን ሳጠፋ ከኋላ ጎማዎቹ መሃል የማያቋርጥ የመተንፈስ ድምፅ አለ። ጋራዥ ወስጃት ነበር። «ሪሌይ ቫልቩ ነው» (ለኋላ ፍሬኖች አየር የሚያከፋፍለው) ብለው አዲስ ገጠሙ። ገና ከግቢው ሳልወጣ ያው ድምፅ ነበር።

ቤተሰቤን ይዤ የምጓዝባት መኪና ናት። ቁልቁለት ላይ ሆኜ መርፌው ሲወርድ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ከየት ልጀምር?

መንገድ_አፍቃሪ

እኔ ብሆን ድራየሩን (የአየር ማድረቂያውን) ነው የምቀይረው። የእኔም ኮምፕሬሰር እንደዚያ ቶሎ ቶሎ ይሠራ ነበር፣ ድራየሩን ስቀይር ዝም አለ። የፓርኪንግ ፍሬን ቫልቩንም አብረህ ብትቀይረው አይከፋም። ዕድሜው ከሄደ መኪና ላይ ሁሉንም አንዴ ቀይሮ መገላገል ይሻላል።

የድሮ_መካኒክ

ወንድሜ ባለ ረጅሙ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ትንሽ ታገሥ። መንገድ አፍቃሪ በቅን ልብ እንደመከረህ አውቃለሁ፤ ግን የድራየር ችግር እንዲህ አይነት ምልክት አያሳይም።

ምክንያቱን ልንገርህ። ኮምፕሬሰሩ የሚሞላው አየር በድራየሩ አልፎ መጀመሪያ «እርጥቡ ታንከር» ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለኋላ ፍሬን ታንከር፣ ሌላው ለፊት ፍሬን ታንከር። በሁለቱም መግቢያ ላይ አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ስለዚህ ድራየሩ፣ ኮምፕሬሰሩ ወይም እርጥቡ ታንከር ቢተነፍስ፣ ሁለቱ ቫልቮች ደህና እስከሆኑ ድረስ መርፌዎችህ አይነቃነቁም። መርፌዎችህ የሚያነቡት ከቫልቮቹ ወዲያ ያለውን ነው። ሞተር ጠፍቶ መርፌ ከወረደ ቀዳዳው ከታንከሮቹ በኋላ ነው ማለት ነው።

ደግሞ ከጽሑፍህ ያየሁት አንድ ሳይሆን ሁለት በሽታ ነው። ሌሊት የሚወርደውና ከኋላ የሚጮኸው አንድ ላይ አይሄዱም። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን በግምት እንዳንሄድ ቁጥር ስጠኝ።

ደልዳላ ቦታ አቁማት። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዝ። አማኖውን (የፓርኪንግ ፍሬኑን) ስለምትለቅ ያለ ታኮ እንዳትሞክር፣ አደራ። እስከ 120 ሙላ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከዚያ ማብሪያውን ብቻ መልሰህ ክፈት፣ መርፌዎቹ እንዲያነቡ። አሁን ሦስት ነገር በሰዓት ለካ።

አንደኛ፣ አማኖው ተይዞ (ቢጫው ቁልፍ ወደ ውጭ ተጎትቶ) አሥር ደቂቃ።
ሁለተኛ፣ አማኖው ተለቆ (ቁልፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ) አንድ ደቂቃ።
ሦስተኛ፣ አማኖው እንደተለቀቀ ፔዳሉን አጥብቀህ ረግጠህ አንድ ደቂቃ። ስትረግጥ መጀመሪያ ላይ መርፌው ዝቅ ይላል፤ ያ ወደ ቻምበሮቹ (በየጎማው ያሉት የፍሬን አየር ጣሳዎች) የገባው አየር ነው። መቁጠር የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ማወዳደሪያ ከፈለግህ፣ በአሜሪካ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ልክ ተሳቢ ለሌለው መኪና ፔዳል ሳይረገጥ በደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ፣ ተረግጦ ከ3 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ የትኛው መርፌ እንደወረደ ጻፍ። ድምፁ መቼ እንደሚጠፋም ልብ በል። ለኔ ከቁጥሩ ይልቅ እሱ ይበልጥብኛል።

ስድስት_ጎማ

ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አማኖውን ለቅቀህ ስትለካ ማንም ሰው ከመኪናው ሥር እንዳይኖር። በአየር ፊኛ የምትቆም መኪና ፊኛው ድንገት ከተነፈሰ ሻሲዋ ወደ መሬት ትወርዳለች፣ ሰው የሚያመልጥበት ጊዜ አይሰጥም። ከሥር መግባት ካለብህ ሻሲው በጠንካራ መቆሚያ ይደገፍ። መኪናዋን ቀጥ ለማድረግ የተሠሩት የራሷ ክሪኮች ለዚህ አይታመኑም።

ባለ_ረጅሙ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ባለቤቴ መሪው ጋ ሆና መርፌዎቹን ታነባለች፣ እኔ በሩቁ ቆሜ ድምፁን አዳምጣለሁ።

አማኖ ተይዞ፣ አሥር ደቂቃ፦ የኋላው 120 ላይ ቆመ። የፊቱ 118።
አማኖ ተለቆ፣ አንድ ደቂቃ፦ ሁለቱም እኩል ወረዱ፣ 6 ፒኤስአይ።
አማኖ ተለቆ፣ ፔዳል ተረግጦ፦ የኋላው ድምፅ ጠፋ! መርፌዎቹም ቆሙ ማለት ይቻላል። ፔዳሉን ስትለቅ ተመልሶ መጣ።

ድምፁ የሚወጣው በትክክል አዲሱ ሪሌይ ቫልቭ ሥር ካለችው መተንፈሻ ነው። እጄን ዘርግቼ ነፋሱ ተሰማኝ። አማኖውን ስንይዘው ያ ነፋስ ወዲያው ቆመ። አዲሱ ቫልቭም ተበላሽቶ ይሆን?

የድሮ_መካኒክ

አልተበላሸም። አሮጌውም ደህና ሳይሆን አይቀርም ነበር። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳሳታል፣ እኔንም በወጣትነቴ አሳስቶኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

የኋላ ቻምበሮችህ እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል አላቸው። የፊተኛው ክፍል ፔዳል ስትረግጥ አየር ገብቶ ፍሬን የሚያስይዘው ነው። የኋለኛው ክፍል ውስጥ ትልቅ ሞላ አለ። ያ ሞላ ነው አማኖው። አየር ሲኖር አየሩ ሞላውን ጨቁኖ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ ይለቃል። አየር ሲወጣ ሞላው ተዘርግቶ ጎማውን ያስራል። ስለዚህ አማኖ «ተለቀቀ» ስንል የሞላው ክፍል በአየር ተሞልቷል ማለት ነው። አማኖ «ተያዘ» ስንል ያ ክፍል ባዶ ነው።

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ግድግዳ አለ። በግድግዳው መሃል ዘንግ ያልፋል፣ ዘንጉ ዙሪያ ጎሚኒ አለ። ያ ጎሚኒ ሲበላ ምን ይሆናል? ከሞላው ክፍል ያለው አየር ወደ ፔዳሉ ክፍል ይሾልካል። እዚያ ማንም አልጠራውም። መውጫ ሲፈልግ በፔዳሉ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ሪሌይ ቫልቩ ጋ ይደርሳል። ሪሌይ ቫልቩ ፔዳል ሳይረገጥ መተንፈሻው ክፍት ነው፣ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። አየሩም በዚያ ይወጣል። ድምፁ ከቫልቩ፣ በሽታው ከቻምበሩ።

አሁን ያየኸውን ከዚህ ጋር አያይዘው። አማኖ ስትይዝ የሞላው ክፍል ባዶ ሆነ፣ የሚሾልክ አየር የለም፣ ዝም አለ። ፔዳል ስትረግጥ የቫልቩ መተንፈሻ ተዘጋ፣ በግድግዳው ወዲህና ወዲያ ያለው ግፊት ተቀራረበ፣ ዝም አለ። ሁለቱ መርፌዎች እኩል የወረዱት ደግሞ አማኖው ከሁለቱም ታንከሮች ስለሚመገብ ነው። በመሃላቸው ያለው ቫልቭ ግፊቱ ከፍ ካለው ታንከር ነው የሚወስደው። አንዱ ዝቅ ሲል ወደ ሌላው ይዞራል፣ እንዲያ እያለ ሁለቱንም ያወርዳቸዋል።

ሪሌይ ቫልቩ ራሱ ቢሆን ኖሮስ? የመግቢያው መቀመጫ ቢያሳልፍ አየሩ በቀጥታ ከታንከር ስለሚመጣ አማኖ ብትይዝም ባትይዝም መተንፈሻው ይነፍስ ነበር። የኋላው መርፌ ብቻውን ነበር የሚወርደው። ጋራዡ ቢጫዋን ቁልፍ አንዴ ጎትቶ ቢያዳምጥ ኖሮ ያን ቫልቭ ባልገዛህ።

ባለ_ረጅሙ

ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ገባኝ። የግራው ይሁን የቀኙ በምን እለያለሁ?

የድሮ_መካኒክ

ሁለቱ የፔዳል ቱቦዎች ሪሌይ ቫልቩ ላይ ስለሚገናኙ ድምፅ በመስማት ብቻ አይለይም። ታኮው በደንብ ይያዝ፣ ሻሲው ይደገፍ፣ ሞተር ይጥፋ። አማኖው ተይዞ እያለ ከግራው ቻምበር የፔዳሉን ቱቦ ፍታ። የፔዳሉን ቱቦ ነው ያልኩህ፣ የአማኖውን እንዳትነካ። ከሥር ውጣ። አሁን ባለቤትህ አማኖውን ትልቀቅ። ፔዳል ማንም አይርገጥ። ቱቦውን ከፈታህበት የቻምበሩ አፍ ንፋስ ከወጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልወጣ አማኖውን ይዘህ ቱቦውን መልሰህ አጥብቅ፣ ቀኙን በዚሁ መንገድ ሞክር። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱን አገኘሁ ብለህ ሌላውን ሳትሞክር እንዳትተው።

ሳሙና_ውሃ

ይህን ውይይት ሳነብ ደስ አለኝ። የእኔም እንዲሁ ነበረች። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ጋሼ። ቻምበሩን ራሱ መቀየር እንችላለን ወይስ ባለሙያ የግድ ነው? እኔ ዳዶና ቡሎን መፍታት አያስፈራኝም፣ ግን ስለዚያ ሞላ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ሰምቻለሁ።

የድሮ_መካኒክ

እህቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ሞላው ታጥፎ የተቀመጠው ሰው ሊገድል በሚችል ኃይል ነው። የሞላውን ክፍል ዙሪያ የያዘውን ማቀፊያ ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ መፍታት የለበትም። ያ ክፍል አይጠገንም፤ ሙሉ ቻምበሩ ተወስዶ ሙሉው ነው የሚቀየረው።

በሥርዓቱ የሚሠራ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አማኖውን ለቅቆ በአየር ሞላውን ያስጨቁናል። ከዚያ በቻምበሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ረጅሙን የማሰሪያ ቡሎን ያስገባል፣ ሩብ ዙር አዙሮ ያቆላልፈዋል፣ ዳዶውን አጥብቆ ሞላውን ያስረዋል። ሞላው መታሰሩን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ነው አየሩን የሚለቀው። አሮጌው ቻምበር ሲጣልም ሞላው እንደታሰረ ዝም ብሎ አይወረወርም። ይህን ሥራ ካንቺ በፊት ሲሠራ አብረሽ ካላየሽ፣ ምርመራውን ራስሽ ጨርሺና ቅየራውን ለባለሙያ ስጪ። «ይኼኛው ነው፣ በዚህ ምክንያት ነው» ብለሽ ስትገቢ ገንዘብሽ ያለ ቦታው አይሄድም።

ሲገጠም መጠኑና የዘንጉ ርዝመት ከሌላኛው ጎን ጋር አንድ ይሁን። አንዱ ጎን መደበኛ ሌላው ረጅም ዘንግ ከሆነ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከገጠማ በኋላ የዘንጉ እርምጃ ይለካ። የ30 ቁጥር መደበኛ ቻምበር ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ባለው ግፊት ሲረገጥ እርምጃው ከ51 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ የፍሬኑ ማስተካከያ ወይም ሸራው ይታይ።

ስድስት_ጎማ

ጋሼ፣ የሌሊቱን ጉዳይ አልነገሩንም። እኔ እሱን እየጠበቅኩ ነው። የእኔም እንደዚያ ታድራለች።

የድሮ_መካኒክ

እውነትህን ነው። እንግዲህ ማታ ስትቆም አማኖ ተይዟል። ያ ማለት የሞላው ክፍል ባዶ ነው፣ የተበላው ጎሚኒ የሚያሾልከው አየር የለም። ለዚህ ነው ሁለት በሽታ ያልኩት። የቀኑን ያመጣው ቻምበር ሌሊት ተኝቷል።

በመጀመሪያ የኋላውን መርፌ እንይ። 120 አድሮ 108። እሱ ምንም አልሆነም፤ አየሩ በርዶ ነው። ታንከሮቹ ከጉዞ በኋላ ይሞቃሉ፣ ሌሊት ይቀዘቅዛሉ። ታንከር ውስጥ ያለ አየር ከ40 ዲግሪ ወደ 12 ዲግሪ ቢወርድ፣ አንዲት ጠብታ ሳያመልጥ መርፌው ከ120 ወደ 108 ገደማ ይወርዳል። የጠዋት ቁጥር አይታችሁ አትደንግጡ። ትክክለኛ መለኪያ የምትፈልጉ ከሆነ ታንከሮቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ሙሉና ያን ጊዜ ለኩ።

የፊቱ መርፌ ግን ሌላ ነው። 70 ላይ ደርሶ ይቆማል ብሏል፣ ሁሌም እዚያው። ለምን ዜሮ አይገባም? ከታንከሩ ወደ ሌሎች ዕቃዎች፣ ማለትም ወደ ፊኛዎቹ፣ ወደ ጥሩምባው፣ ወደ ሾፌሩ መቀመጫ፣ ወደ ደረጃ መክደኛው በሚሄደው መስመር ላይ ጠባቂ ቫልቭ አለ። ግፊቱ 70 አካባቢ ሲደርስ ይዘጋል። ሥራው ለፍሬን የሚበቃ አየር ማስቀረት ነው። መርፌህ እዚያ ላይ ከቆመ ያ ቫልቭ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ከእሱ ወዲያ ነው። የፍሬንህ መስመር በዚያ በኩል ጤነኛ ነው።

አሥር ደቂቃ ውስጥ 2 ፒኤስአይ መንገድ ላይ የሚያሰጋ አይደለም። ግን ይገኛል። አንድ ጥያቄ፦ ጠዋት ወደ አንድ ጎን ትንጋደዳለች?

ባለ_ረጅሙ

አትንጋደድም ጋሼ። እንዳቆምኳት ነው የማገኛት።

የድሮ_መካኒክ

እንግዲያው ከፊኛዎቹ አትጀምር። ወደ ውስጥ ግባ። ጥሩምባ፣ መቀመጫ፣ ደረጃ መክደኛ። ሳሙና ውሃ በትንሽ መርጫ ያዝና እያንዳንዱን ፊቲንግ (የቱቦ መጋጠሚያ) ጎብኝ።

ሳሙና_ውሃ

እዚህ ላይ ስሜን ያወጣሁበትን ነገር ልናገር። በውሃ የተቀጠነ ተራ የእቃ ሳሙና ይበቃል፣ አሞኒያ ያለው ማጽጃ ግን አትጠቀሙ። አሞኒያ የነሐስ ፊቲንግን ይሰነጥቃል፤ ዛሬ ቀዳዳ ፈልገህ የሚቀጥለውን ዓመት ቀዳዳ ትሠራለህ።

ስትረጭ አትቸኩል። ትልቅ ቀዳዳ አረፋውን ይበትነዋል፣ ወዲያው ይታያል። ትንሹ ነው አስቸጋሪው። ከረጨህ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብለህ ጠብቅ። እንደ ዱቄት የረቀቀ ነጭ አረፋ ቀስ እያለ በፊቲንጉ አንገት ላይ ይከማቻል። እኔ በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራሁ ነው የማየው፣ ከፊት ካበራህ ያንጸባርቅብሃል። ከኋላ የማይታየው ጎን ላይ ደግሞ ትንሽ መስታወት ያዝ። የእኔን ያገኘሁት በመስታወት ነበር።

መንገድ_አፍቃሪ

ጋሼ፣ ስላስተካከሉኝ አመሰግናለሁ። ግን የእኔ ድራየር ሲቀየር የተሻለው ለምንድን ነው? መርፌዎቼ ቆመው ሳለ ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ቶሎ ይሠራ ነበር።

የድሮ_መካኒክ

መልሱን ራስህ ይዘኸዋል፣ «መርፌዎቼ ቆመው ሳለ» ስትል። ያንተ አየር ከእርጥቡ ታንከር ነበር የሚያመልጠው። ገቨርነሩ የሚያዳምጠው እርጥቡን ታንከር ነው። ታንከሩ ወደ 100 አካባቢ ሲወርድ ገቨርነሩ ኮምፕሬሰሩን ያነሳዋል፣ ከ120 እስከ 130 ባለው ሲደርስ ያሳርፈዋል። ዳሽቦርድህ ግን እርጥቡን ታንከር አያሳይህም።

ሲያሳርፈው ድራየሩ ሥር አንዴ «ፕሽ» ብሎ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ዝም ማለት አለበት። ግማሽ ደቂቃ አልፎም ከሥሩ የሚነፍስ ከሆነ፣ በድራየሩ መውጫ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አየሩን ከታንከር ወደ ኋላ እየመለሰው ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሰሩ እየሞላ ሳለ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ሥር ያለው የመትፊያ ቫልቭ ነው፤ ቆሻሻ ይይዘዋል፣ በብርድ ጊዜ በረዶ ይይዘዋል። አንተ አጋጣሚው ሰምሮልህ ትክክለኛውን ዕቃ ቀይረሃል። ባለ ረጅሙ ላይ ግን ያው ምክር ገንዘብ ያስወጣው ነበር።

ደግሞ ሁላችሁም፣ ታንከሮቹን ከሥር አፍስሱ። የሚወጣው ውሃ ብቻ ከሆነ የድራየሩ ማጣሪያ ደክሟል። ወተት የመሰለ ዝቃጭ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እያሳለፈ ነው። ያለ እረፍት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ይግላል፣ ሲግል ዘይት ያሳልፋል፣ ዘይቱ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ዛሬ የናቃችሁት ቀዳዳ ነገ ኮምፕሬሰር የሚያስገዛችሁ በዚህ መንገድ ነው።

ባለ_ረጅሙ

ምስራች ይዤ መጥቻለሁ!

መጀመሪያ ቻምበሩ። የግራውን ቱቦ ፈታሁ፣ ባለቤቴ አማኖውን ለቀቀች፣ ከቻምበሩ አፍ ምንም። መልሼ አጠበቅኩ። የቀኙን ፈታሁ። አማኖው ሲለቀቅ ከቻምበሩ አፍ ልክ እንደ ጎማ መንፊያ ነፋስ ወጣ። ሰባት ወር ሙሉ ያስጨነቀኝን ነገር በአንዲት ቀዳዳ ላይ በእጄ ዳሰስኩት። ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

ቅየራውን ራሴ አልሞከርኩም። ሌላ ባለሙያ ጋ ወስጄ «የቀኙ የኋላ ቻምበር ውስጠኛ ጎሚኒ ነው» አልኩት። ሰውየው በምን እንዳወቅኩ ጠየቀኝ፣ የነገሩኝን ደገምኩለት። ራሱም አማኖውን ይዞና ለቅቆ አዳመጠ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። የግራውም ዕድሜው አንድ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ቀየርናቸው።

አሁን ሌሊቱ። ጥሩምባው ደህና። ደረጃ መክደኛው ደህና። የሾፌሩን መቀመጫ ወደ ፊት ገፍቼ ከሥሩ ስረጭ፣ ቱቦው ተገፍቶ የሚገባባት ትንሽ ፊቲንግ ላይ እህታችን ያለችው የረቀቀ ነጭ አረፋ መጣ። ቱቦውን ነቀልኩት። ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል! ከዚያ በላይ ከፊቲንጉ ውስጥ የሚይዘው የጎሚኒ ቀለበት የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተፋቀ መስመር አለ።

ስድስት_ጎማ

በፒንሳ ወይም በመቀስ ሲቆረጥ እንደዚያ ይሆናል። ፕላስቲኩ ይጨፈለቃል፣ ጫፉ ክብ መሆኑ ይቀራል። የቱቦ መቁረጫ ወይም አዲስ ምላጭ ተጠቀምና ቀጥ አድርገህ ቁረጠው። ጥቂት ሴንቲሜትር ትርፍ ካለው የተፋቀውን ክፍል አስወግድ። ስትገፋው መጀመሪያ ይቆምብሃል፤ እዚያ ላይ አታቁም፣ የቀለበቱን ግፊት አልፎ መጨረሻ ድረስ ይግባ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ መያዙን እይ። ቱቦው እንዳይጠመዘዝ፣ ወደ ጎን ሲጎተት ቀለበቱ ያሳልፋል።

በጥርስ የሚገቡት ፊቲንጎች ላይ ደግሞ ነጩን የቴፍሎን ጥቅል አታብዙ። ፍርፋሪው ተበጥሶ ቫልቭ ውስጥ ይገባል፣ መቀመጫው ላይ ከተቀመጠ አዲስ ቀዳዳ ነው። በፈሳሽ መልክ የሚቀባው ማሸጊያ ይሻላል፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ሳትቀባ።

ሳሙና_ውሃ

ባለ ረጅሙ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ባለቤትህንም እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ፣ ግማሹን ሥራ እሷ ነው የሠራችው። አዲሱን ቁጥር ንገረን።

የድሮ_መካኒክ

ቁጥሩን እኔም እፈልጋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ሳትረሳ ሞክር። የማስጠንቀቂያው መብራትና ድምፅ መሥራታቸውን። ሞተር አጥፍተህ፣ ማብሪያው ክፍት ሆኖ፣ ታኮው ተይዞ፣ ፔዳሉን ደጋግመህ እየረገጥክ አየሩን አውርድ። 60 ከመድረሱ በፊት ወይም እዚያው ሲደርስ መብራቱ ሊበራ፣ ድምፁም ሊጮህ ይገባል። ከዚያ በታች ቀጥል፤ ከ45 እስከ 20 ባለው መሃል ቢጫዋ ቁልፍ ራሷ ትወጣለች፣ አማኖው ይይዛል። እነዚህ ሁለቱ የመጨረሻ ጠባቂዎችህ ናቸው። መንገድ ላይ ያን ድምፅ ከሰማህ «ትንሽ ልሂድ» አትበል፤ ገና ፍሬን እያለህ ዳር ያዝና ቁም። ሞላው ራሱ ሲይዝ ጎማው በአንዴ ነው የሚታሰረው፣ ቦታውንም ጊዜውንም አንተ አትመርጥም።

ስትሞላም ተመልከት። በሞተሩ የሥራ ዙር ከ85 እስከ 100 ለመድረስ ከ45 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል ወይም መስመሩ ተደፍኗል። በነዚያ ወራት ብዙ ስለሠራ እሱን ማወቅ አለብን።

ባለ_ረጅሙ

ሁሉንም አደረግኩ።

አማኖ ተለቆ፣ አንድ ደቂቃ፦ መርፌዎቹ አልተነቃነቁም። አምስት ደቂቃ ቆየሁ፣ 1 ፒኤስአይ ያህል ብትወርድ ነው።
ፔዳል ተረግጦ፣ አንድ ደቂቃ፦ ከ1 በታች።
ማስጠንቀቂያው 64 ላይ ጮኸ። ቢጫዋ ቁልፍ 38 ላይ ወጣች።
ከ85 እስከ 100፦ 31 ሰከንድ።
ከእርጥቡ ታንከር የወጣው ውሃ ነው፣ ትንሽ። ዘይት የለውም። የድራየሩን ማጣሪያ ግን ዕድሜው ስለማይታወቅ እቀይረዋለሁ።

ትናንት 300 ኪሎሜትር ነዳን። ኮምፕሬሰሩ ሲሞላ የሰማሁት ፍሬን ደጋግሜ ስይዝ ብቻ ነበር። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር። ማታ ሳቆም 122 ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም መርፌዎች 111 ላይ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጋሼ እንዳስተማሩኝ አልደነገጥኩም።

ስድስት_ጎማ

ጋሼ፣ የእኔ ግን 70 ላይ አይቆምም። የኋላው መርፌ ብቻውን እስከ ዜሮ ይወርዳል፣ አማኖ ተይዞ። ሪሌይ ቫልቩ መተንፈሻ ላይ እጄን ሳደርግ ይነፍሳል።

የድሮ_መካኒክ

አማኖ ተይዞም ይነፍሳል? እንግዲያው ያንተ ራሱ ሪሌይ ቫልቩ ሳይሆን አይቀርም። ግን ቁጥሩን ለካና አምጣ፣ ሦስቱንም።